9.4 ጊጋ የለካው ሰርቨር 2 ጊጋ ላይ ለምን ይንገዳገዳል?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ተቋም ኔትወርክ ላይ እሠራለሁ። ወደ 3,000 የሚጠጋ ተጠቃሚ አለን። የድሮውን ራውተር ለመተካት ያገለገለ ባለ ሁለት ፕሮሰሰር ሰርቨር ገዛን። ኢንቴል ኤክስ 520 የሚባለው ባለ ሁለት ወደብ የ10 ጊጋ ካርድ አለው። ፕሮክስሞክስ (አንዱን ሰርቨር ለብዙ ቨርቹዋል ማሽን የሚያከፋፍለውን) ጫንኩበት፣ በላዩ ላይ ቫይኦኤስን (ኮምፒውተርን ራውተር የሚያደርገውን ሶፍትዌር) 8 ኮር ሰጥቼ አስነሣሁ። ኤንኤቲውም (አድራሻ ቀያሪው) ፋየርዎሉም እሱ ላይ ነው። ከቫይኦኤሱ ወደ ሌላ ሰርቨር በአይፐርፍ (በፍጥነት መለኪያው ፕሮግራም) ስለካ 9.4 ጊጋ ቢት አገኘሁ። ሥራ ላይ ሲውል ግን ትራፊኩ 2 ጊጋ አካባቢ ሲደርስ ፒንጉ ይዘገያል፣ ፓኬት ይጠፋል። ሲፒዩው የሚያሳየኝ ደግሞ 12 በመቶ ብቻ ነው። ችግሩ ካርዱ ነው? ባለ 100 ጊጋ ካርድ እናስመጣ ወይስ ዲፒዲኬን (ፓኬትን የሊኑክስን መንገድ ዘሎ የሚያሳልፈውን) ልጫን? መንገድ የሚማረውን ሶፍትዌር ከኤፍአርአር ወደ በርድ ብንቀይርስ ይፈጥናል?»

ምንም ነገር አታስመጡ። ካርዱ ጤነኛ ይመስላል፣ ሰርቨሩም ለሥራው የሚያንስ አይደለም። መልሱ ራስህ የጻፍከው ቁጥር ውስጥ አለ፤ 12 በመቶ። ለቫይኦኤሱ 8 ኮር ሰጥተኸዋል። 100ን ለ8 አካፍለው፣ 12.5 ነው። ስለዚህ አንዱ ኮር እስከ አንገቱ ተጨናንቋል፣ ሰባቱ ሥራ ፈተው ተቀምጠዋል ማለት ነው። አማካዩን ስታይ ማሽኑ ያረፈ ይመስላል፤ ፓኬቱን የሚሸከመው ኮር ግን 100 በመቶ ላይ ነው። ኤምፒስታትን (የኮሮችን ሥራ የሚያሳየውን ትእዛዝ) ክፈትና እያንዳንዱን ኮር ለየብቻ እይ። «ሶፍት» የሚለው፣ ፓኬት በማስተናገድ ያለፈውን ጊዜ የሚያሳየው ዓምድ አንዱ ኮር ላይ ከ90 በላይ፣ ሌሎቹ ላይ ዜሮ አካባቢ ከሆነ ሌላ ፍለጋ አያስፈልግህም።

ይህ የሚሆነው ፕሮክስሞክስ ላይ ሳይነካ በቀረ አንድ ቅንብር ነው። ለቨርቹዋል ማሽን የሚሰጠው ቨርቲዮ የሚባለው ካርድ፣ አንተ ካልነገርከው በቀር አንድ ወረፋ ብቻ ነው የሚኖረው። በአንድ ወረፋ የሚገባውን ፓኬት ደግሞ የሚያነሳው አንድ ኮር ነው። መገናኛ ላይ ስምንት ሚኒባስ ተደርድሮ ተራ አስከባሪው ሰዉን ሁሉ አንዷ ላይ ብቻ ሲያሳፍር አስበው። ታክሲ አልጠፋም፣ ሰልፉ ግን አይንቀሳቀስም። በካርዱ ቅንብር ውስጥ መልቲኪው የሚል ቦታ አለ። 8 ብለህ ሙላውና ማሽኑን አጥፍተህ አስነሣው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በል፤ በቨርቲዮ ሥር እያንዳንዱን ፓኬት ተቀብሎ ወደ ማሽኑ የሚያስገባ ሌላ ሠራተኛ ፕሮክስሞክሱ ራሱ ላይ አለ። የሱ ድካም ቫይኦኤስ ውስጥ በምታየው የሲፒዩ ቁጥር ላይ አይታይም። ስለዚህ ከውስጥም ከውጭም ተመልከት።

ታዲያ 9.4 ጊጋው ከየት መጣ? እዚህ ላይ በጣም ብዙ ሰው ይሳሳታል። አይፐርፍን ያስነሣኸው ከራውተሩ ራሱ ላይ ነው። ስለዚህ ራውተሩ ፓኬት አላሳለፈም፤ ራሱ ነው የላከው። ሊኑክስ ደግሞ በቲሲፒ ሲልክ ሥራውን ማቅለል ያውቅበታል። እስከ 64 ኪሎ ባይት የሚደርስ አንድ ትልቅ ጥቅል ያዘጋጅና መቆራረጡን ለካርዱ ይተውለታል። 9.4 ጊጋ ቢትን በ64 ኪሎ ባይት ጥቅል ስታሰላው በሰከንድ 18,000 ያህል ጥቅል ብቻ ነው የሚሆነው። ይህን አንድ ኮር ያለችግር ይሠራዋል። የ3,000 ሰው ትራፊክ ግን እንዲህ ተጠቅልሎ አይመጣም። አማካይ ፓኬቱ 700 ባይት ነው ብንል፣ 2 ጊጋ ቢት ማለት በሰከንድ 357,000 ፓኬት ነው፤ ያውም በአንድ አቅጣጫ ብቻ። እያንዳንዱ ፓኬት በግንኙነቶች ሰንጠረዥ ውስጥ ይፈለጋል፣ አድራሻው ይቀየራል፣ የፋየርዎሉን ሕጎች አንድ በአንድ ያልፋል። ከ18,000 ወደ 357,000 ስትሄድ 20 እጥፍ ገደማ ነው። የጊጋ ቢቱን ቁጥር ብቻ ይዘህ ይህን ልዩነት መቼም አታየውም።

ራውተር የሚደክመው በባይት ሳይሆን በፓኬት ነው። አንድ ፓኬት 64 ባይትም ይሁን 1,500፣ አድራሻውን አንብቦ መንገዱን መፈለጉ ያው ነው። ስሌቱን አንዴ አብረን እንሥራው፣ ከዚያ በኋላ ማንም ሻጭ አያታልልህም። ትንሹ የኢተርኔት ፍሬም 64 ባይት ነው። ሽቦው ላይ ሲወጣ ከፊቱ 8 ባይት፣ ከኋላው ደግሞ የ12 ባይት ክፍተት ይጨመርበታል። ጠቅላላ 84 ባይት ወይም 672 ቢት። 10 ጊጋ ቢትን ለ672 ስታካፍል በሰከንድ 14.88 ሚሊዮን ፓኬት ታገኛለህ። ለአንዱ ፓኬት ያለህ ጊዜ 67.2 ናኖ ሰከንድ ነው። 3 ጊጋ ኸርዝ ለሚሮጥ ኮር ይህ 200 ያህል ምት ነው። አንድ ጊዜ ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን ሜሞሪ) ውስጥ ያልተገኘ ነገር ፍለጋ ወደ ራም መውጣት ብቻውን 100 ናኖ ሰከንድ አካባቢ ሊወስድ ይችላል፤ ማለትም አንዲት ያልታሰበች የራም ጉዞ የፓኬቱን ጊዜ ሙሉ በሙሉ በልታ ታልፋለች። በትልቁ ፍሬም፣ በ1,518 ባይት፣ ያው 10 ጊጋ በሰከንድ 812,000 ገደማ ፓኬት ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል የ18 እጥፍ ልዩነት አለ። «10 ጊጋ ያሳልፋል» የሚል ወረቀት የፓኬቱን መጠን ካልነገረህ ምንም አልነገረህም።

«እኛ ጋ ማን 64 ባይት ይልካል?» እንዳትለኝ። ሰው ፋይል ሲያወርድ ወደ ኋላ የሚሄደው «ደርሶኛል» የሚለው መልስ ትንሽ ፓኬት ነው። የዲኤንኤስ ጥያቄ፣ የድምፅ ጥሪ፣ ጌም፣ ሁሉም ትንንሽ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የመጥፎ ቀን ጉዳይ አለ። አንድ በቫይረስ የተያዘ ኮምፒውተር በ1 ጊጋ ገመዱ ትንንሽ ፓኬት መልቀቅ ከጀመረ በሰከንድ 1.488 ሚሊዮን ፓኬት ሊደርስ ይችላል። እያንዳንዱም አዲስ ግንኙነት ሊመስል ይችላል። ያኔ ኮንትራክ የሚባለው የግንኙነቶች ሰንጠረዥ ይሞላል፣ ሎጉ ላይ ሰንጠረዡ ስለሞላ ፓኬት እየጣልኩ ነው የሚል መልእክት ይደረደራል፣ የ3,000 ሰው ኢንተርኔት በአንድ ላፕቶፕ ምክንያት ይቆማል። የ64 ባይት ሙከራ የሚነግርህ ያን ቀን የት ድረስ እንደምትቋቋም ነው።

አሁን ወደ አለካኩ። ደንቡ ከ1999 ጀምሮ ተጽፎ ተቀምጧል፣ አርኤፍሲ 2544 ይባላል። ለኢተርኔት የሚሞከሩትን መጠኖች ከ64 እስከ 1,518 ባይት በሰባት ደረጃ ይዘረዝራል። «ያሳልፋል» የሚለውን ቃል ደግሞ በጥብቅ ይተረጉመዋል፤ አንድም ፓኬት ሳይጠፋ ያለፈው ከፍተኛው ፍጥነት ነው። አንዱ ሙከራ ቢያንስ 60 ሰከንድ መሮጥ አለበት። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግህም። ሌላ አንድ ተራ ሰርቨር፣ ባለ ሁለት ወደብ የ10 ጊጋ ካርድ፣ እና ሲስኮ በነፃ ለሕዝብ የለቀቀው ቲሬክስ የሚባለው ትራፊክ አመንጪ ይበቃሉ። ከቲሬክሱ አንዱ ወደብ ወደ ራውተሩ ይገባል፣ ከራውተሩ ሁለተኛ ወደብ ተመልሶ ወደ ቲሬክሱ ይወጣል። የላከውንና የተቀበለውን ራሱ ይቆጥራል። ፓኬት ከጠፋ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንስ፣ ካልጠፋ ከፍ አድርግ፣ እንዲህ እያልክ ጣራውን እስክታገኝ ድረስ ትጠጋለህ።

ከዚህ በፊት ግን የቲሬክሱን ሁለት ወደቦች በአንድ ገመድ እርስ በእርስ አገናኝና ብቻውን ለካው። ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። አንድ ድርጅት ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ ራውተሩን ስንፈታና ስንገጥም ቆየን፤ በኋላ ላይ ፓኬቱን ሲያጠፋ የኖረው ላኪው ማሽን ሆኖ ተገኘ። ካርዱን የመረጃ መስመሩ ጥቂት የሆነ አጭር ቀዳዳ ላይ ሰክተውት ነበር። ከዚያ ወዲህ መለኪያውን ሳልለካ ምንም አልለካም። ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ ቲሬክስን ሥራ ላይ ካለው ኔትወርክ ጋር በአንድ ስዊች አታገናኘው። የሚለቀው ጎርፍ ወደ ተጠቃሚዎችህ ከወጣ ጥቃት ከመሆን አይለይም። ገመዶቹ በቀጥታ ከማሽን ወደ ማሽን ይሂዱ።

በጣም የሚረሳው ነገር የግንኙነት ብዛት ነው። ዘመናዊ ካርድ የመጣውን ፓኬት ወደ ኮሮች የሚያከፋፍለው የላኪና የተቀባይ አድራሻንና የወደብ ቁጥርን አንድ ላይ ቀምሮ ነው። የአንድ ግንኙነት ፓኬቶች ቅደም ተከተላቸው እንዳይዛባ ሁሌም ወደ አንድ ኮር ይሄዳሉ፤ የአንድ ቤተሰብ ሰው በአንድ ታክሲ እንደሚሳፈር። ስለዚህ በአንድ ግንኙነት ብቻ ከለካህ የአንድ ኮር አቅም ነው የምታየው፣ 32 ኮር ቢኖርህም። በተቃራኒው በጣም ጥቂት አድራሻ ይዘህ ከለካህ ሁሉም ነገር ካሽ ውስጥ ተቀምጦ ውጤቱ ከእውነቱ ያምራል። ሁለቱም ያሳስታሉ። መጀመሪያ በ1፣ ከዚያ በ10,000፣ ከዚያ በ100,000 ግንኙነት ለካ። በሁለቱም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ላክ። ፒፒፒኦኢ ወይም ሌላ ቱኔል (ፓኬትን በሌላ ፓኬት ውስጥ የሚጠቀልል) የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ ኤክስ 520 ቱኔሉ ውስጥ ያለውን አድራሻ ስለማያነብ በዚያ በኩል የሚገባው ሁሉ አንድ ወረፋ ላይ ይከመራል። ያኔ ሊኑክስ ራሱ በሶፍትዌር እንዲያከፋፍል አርፒኤስ የሚባለውን ማብራት ይኖርብሃል።

ቅንብሩንም ደረጃ በደረጃ ጨምር። መጀመሪያ ባዶ ራውተር፣ ምንም ፋየርዎል የሌለው። ከዚያ ኮንትራክ፣ ከዚያ ኤንኤቲ፣ ከዚያ ትክክለኛዎቹ ሕጎችህ ሁሉ። እያንዳንዱ እርምጃ ምን ያህል እንደወሰደብህ ጻፍ። ተራ የሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ምንም ሳይጨመርበት በአንድ ኮር፣ እንደ ሲፒዩው፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ፓኬት ገደማ ያሳልፋል። ኤንኤቲና ረጅም የሕግ ዝርዝር ሲጨመርበት ግማሹ ቢሄድ አይግረምህ። ይህ ሲሆን ብዙ ሰው ዲፒዲኬን ማሰብ ይጀምራል፤ እኔ ግን ቀድሞ ፍሎውቴብልን አብራ እላለሁ። ከ2018 ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ አለ፣ ቫይኦኤስም ይደግፈዋል። አንዴ የተፈቀደ ግንኙነት ቀሪ ፓኬቶቹ በአቋራጭ ያልፋሉ፣ ሕጎቹን እንደ አዲስ አይዞሩም።

ፍጥነቱን ብቻ ሳይሆን መዘግየቱንም ያዝ። አማካይ መዘግየት ብዙ ይደብቃል፤ ከ100 ፓኬት 99ኛው የት እንደደረሰ እይ። የካርዱን ማጠራቀሚያ ትልቅ ካደረግከው ዜሮ ኪሳራ ማግኘት ይቀላል፣ ግን ፓኬቱ እዚያ ውስጥ ተሰልፎ ስለሚቆይ ፒንጉ ይበላሻል። ሌላው፣ በሶፍትዌር ራውተር ላይ ፍጹም ዜሮ ኪሳራ አንዳንዴ በአንዲት የዘፈቀደ ኢንተራፕት (ኮሩን ከሥራው በምታቋርጥ ጥሪ) ምክንያት ይበላሻል። ለዚህ ነው ቪፒፒ የሚባለው ፓኬት አሳላፊ ሶፍትዌር ሠሪዎች በሙከራቸው ሁለት ቁጥር የሚይዙት፤ ምንም ሳይጠፋ ያለፈውን እና እስከ 0.5 በመቶ ጠፍቶ ያለፈውን። አንተም ሁለቱንም ያዝ። ሁለቱ በጣም ከተራራቁ አንድ ኮር በየመሀሉ እየተረበሸ ነው ማለት ነው።

የሰርቨሩን ነገር ቶሎ ልበልልህ። ባለ ሁለት ፕሮሰሰር ማሽን ላይ ካርዱ የተሰካው ከአንዱ ፕሮሰሰር ጋር ነው። ፓኬቱን የሚያነሱት ኮሮች በሌላኛው በኩል ካሉ እያንዳንዱ ፓኬት በመሀል ባለው ድልድይ ይሻገራል፤ ሥራውን ካርዱ ባለበት በኩል ብቻ አድርግ። ቀዳዳው ረጅም ስለሆነ ብቻ አትመነው፣ ውስጡ አራት መስመር ብቻ ሊሆን ይችላል። ኤክስ 520 የፒሲአይ ኤክስፕረስ ሁለተኛ ትውልድ ነው፣ በአራት መስመር በአንድ አቅጣጫ 16 ጊጋ ቢት ነው ጣራው፣ ሁለቱ ወደቦች ደግሞ 20 ይፈልጋሉ። በባዮስ ውስጥ ኃይል ቆጣቢውን አጥፋ፤ ተኝቶ የነበረ ኮር እስኪነቃ ፓኬት ይጠፋል። ሃይፐርትሬዲንግን (አንዱን ኮር ሁለት አስመስሎ የሚያሳየውን) እንደ ተጨማሪ ኮር አትቁጠረው። የገቡ ፓኬቶችን አንድ ላይ የሚያጣብቀውን፣ ኤልአርኦ የሚባለውን የካርድ ቅንብር ራውተር ላይ አጥፋ። አንዱን ሙከራ ደግሞ አንድ ሰዓት ሙሉ አስኪደው፣ ማሽኑ ሲሞቅ ፍጥነቱ የሚወርድ ከሆነ ያኔ ይታያል።

ስለ 100 ጊጋ ካርዱ። የሚያንቀው ኮሩ እስከሆነ ድረስ ባለ 100 ጊጋ ካርድም ያው አንድ ኮር ላይ ነው የሚያራግፈው። በ100 ጊጋ እና በ64 ባይት ደግሞ ለአንድ ፓኬት ያለህ ጊዜ 6.7 ናኖ ሰከንድ ነው፤ ያንን ሁልጊዜ መቻል የሚፈልግ ሰው ለሥራው የተሠራ ቺፕ ያለው ራውተር ይግዛ። ኔትፍሊክስ በ2021 ከአንድ ሰርቨር 400 ጊጋ ቢት እንደላከ ሰምተህ ከሆነ፣ እውነት ነው። ግን መላክ ነው እንጂ ማሳለፍ አይደለም፤ ትልልቅ የቪዲዮ ፓኬት ነው፣ አብዛኛውን ሥራ ካርዱ ይሸከመዋል። አንተ አይፐርፍ ላይ ካየኸው ጋር አንድ ቤተሰብ ነው።

ኤፍአርአርን በበርድ መቀየር ፓኬትህን አንዲት ናኖ ሰከንድ አያፈጥነውም። ሁለቱም መንገዱን ከጎረቤት ራውተሮች ተምረው ለከርነሉ ይነግራሉ፣ ፓኬቱን ግን አይነኩትም። ልዩነታቸው የሚታየው ከ900,000 በላይ የሆነውን ሙሉ የዓለም መንገድ ስትቀበል፣ ምን ያህል ሜሞሪ እንደሚወስዱና ምን ያህል ቶሎ እንደሚጭኑት ላይ ነው። አንድ ኢንተርኔት አቅራቢ ብቻ ካለህ ሙሉ ሰንጠረዡም አያስፈልግህም።

ዲፒዲኬን አላጣጥለውም። በሱ ላይ የተሠራው ቪፒፒ በጥሩ ሲፒዩ በአንድ ኮር ከ10 ሚሊዮን በላይ ፓኬት ያሳልፋል፣ የሚያስደንቅ ሥራ ነው። ዋጋውን ግን እወቅ። ካርዱን ከከርነሉ ይነጥቃል፣ ስለዚህ የለመድከው የፋየርዎል ሕግና ቲሲፒደምፕ (የፓኬት መመልከቻው) ያን ትራፊክ አያዩትም። የሰጠኸው ኮር ትራፊክ ኖረም አልኖረም ቀንና ሌሊት 100 በመቶ ይሮጣል፣ መብራት ሲጠፋ ዩፒኤስህ ላይ ይሰማሃል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲበላሽ የሚያስተካክለው ሰው አንተ ብቻ ከሆንክ ደግሞ ሁለቴ አስብ።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ዛሬ መልቲኪውን አብራ፣ ተጠቃሚው ይተንፍስ። በሚቀጥለው የሥራ ማቆሚያ ሰዓት ራውተሩን ከፕሮክስሞክስ አውጣና ቫይኦኤስን በቀጥታ ሰርቨሩ ራሱ ላይ ጫነው። ፕሮክስሞክሱን የግድ ከፈለግከው ካርዱን ሙሉ በሙሉ ለማሽኑ አሳልፈህ ስጠው፤ በኤስአር አይኦቪ ቆራርጠህ አትስጠው፣ ኤክስ 520 ለቁራሹ የሚሰጠው ወረፋ ጥቂት ነው። ለአስተዳደር የሚሆን ሌላ ወደብ ይኑርህ፣ አለበለዚያ ራስህን ውጭ ቆልፈህ ትቀራለህ። ከዚያ ከራውተሩ ቆጣሪ ላይ በጣም በሚጨናነቅበት ሰዓት የባይቱንና የፓኬቱን ቁጥር ውሰድ፣ አካፍል፣ የራስህን አማካይ የፓኬት መጠን እወቅ። ከላይ ያልኩት 700 ባይት ለስሌት ያህል ነው፣ ያንተ ሌላ ሊሆን ይችላል። በ700 ባይት ስሌት 8 ጊጋ ቢት ብታወርድ በሰከንድ 1.43 ሚሊዮን ፓኬት ነው፤ ወደ ላይ የሚሄደው ሲጨመርበት ከ2 ሚሊዮን ያልፋል። ካርዱ ካለበት ፕሮሰሰር ስድስት ኮር፣ ፍሎውቴብል በርቶ፣ ይህን ሊችለው ይገባል። በቲሬክስ ከሁሉም ሕጎችህ ጋር 4 ሚሊዮን ካለፈልህ ዲፒዲኬን እርሳው። ከ3 በታች ከቀረ የየመጠኑን ውጤት፣ የኤምፒስታቱንና ፐርፍ (ሲፒዩው ጊዜውን የት እንዳጠፋ የሚያሳየው) የሚያወጣውን ዝርዝር ይዘህ ተመለስ፤ የትኛው ሕግ እንደሚበላህ ከዚያ ላይ ይነበባል።